የእትዬ እንክብል

ፀጉር አስተካካዩ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ራስ ሲላጭ ኖሮ፣ የእሱን ራስ ነርስ ብትላጨው ከሕመሙ ይልቅ የከነከነው የአላላጩ ነገር ነበር። አንጎሉ ውስጥ ውሃ ተጠራቅሞ ሐኪሞቹ የራስ ቅሉን በስተው ቀጭን ቱቦ አስገብተውለታል፤ ውሃው አልጋው አጠገብ ወደተሰቀለች ከረጢት ይንጠባጠባል። እሱ ግን ዓይኑን እንደገለጠ መስታወት ጠየቀ። "ግማሹን ትተውታል እኮ፤ ደንበኛ እንዳያየኝ" አለ።

ሰፈሩ ሁሉ እትዬ የሚላት ታላቅ እህቱ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ከጥርሷ አላለፈም። ሐኪሙ ብቅ ባለ ቁጥር "የዛሬውስ አንቲባዮቲክ?" እያለች ትይዘዋለች። ሐኪሙም ቀዶ ጥገናው ሳይጀመር ለወንድሟ በደም ሥሩ እንደተሰጠው፣ ለመከላከል ያ እንደሚበቃ፣ ያለ ምክንያት ቢደጋገም ጀርሞቹ መድኃኒቱን ለምደው በክፉ ቀን እንደሚንቁት አስረዳት። ራሷን እየነቀነቀች ሰማችው፤ በሆዷ ግን "ንፉግ" አለችው።

በማግስቱ ከጥርስ ሕመሟ የተረፈ የአንቲባዮቲክ እንክብል ይዛ መጣች። አዝላ ያሳደገችውን እህቱን እምቢ ማለት የት ያውቅና? ዋጠው።

ወዲያው ገላው በሽፍታ ነደደ፤ ትኩሳትም ያዘው። ሐኪሙ በቱቦው በኩል ጀርም ገብቶ እንዳይሆን ሰግቶ ከውሃው ቀድቶ ወደ ላቦራቶሪ ላከ። ወንድሟ ሊያጋልጣት አልፈለገም፤ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። በመጨረሻ ራሷ የሐኪሙን እጅጌ ይዛ "ዶክተር፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ከቤት ያመጣሁትን መድኃኒት ሰጥቼዋለሁ" አለች።

ሐኪሙ ሽፍታው ከእንክብሉ ሳይሆን እንደማይቀር ካርዱ ላይ ጻፈ። "እትዬ፣ ለእሱ ካሰቡ ሌላ ሥራ አለልዎት" አላት። "እጁን ያልታጠበ ሰው ወደዚህ አልጋ አያስጠጉ።"

ውጤቱ ንጹሕ ሆኖ መጣ፤ ሽፍታውም ከሰመ። እትዬ ግን ሹመቱን የምር ያዘችው። አጎታቸው እንኳ ታጥበው ሲገቡ "ጥፍርዎን አሳዩኝ" ተባሉ። በሽተኛው በሳቅ ቱቦው እንዳይነቃነቅበት አፉን በአንሶላ አፈነ።

ቱቦው በሰላም የወጣ ዕለት እትዬ ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች እንቅልፍ ጣላት። ነርሷ ልትቀሰቅሳት ስትል ወንድሟ እጁን አነሳ።

"ተያት፣ ሲስተር" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ከነቃች ሁላችንንም ታሳጥበናለች።"