ሙንተሃ እስክታለቅስ

ሙንተሃ የካሳ ክፍል ሥራ ከጀመረች አራት ወር ሞላት። እስካሁን አላለቀሰችም። ይህንን ከሄራን በላይ የተከታተለ ሰው በመሥሪያ ቤቱ አልነበረም።

ሕጉን ያወጡት ወንዶቹ ናቸው። መሃል ከተማ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለው የመድን ድርጅት ቅርንጫፍ ለካሳ ክፍል አዲስ ሴት ሲቀጥር፣ ከመካከላቸው አንዱ እስኪያስለቅሳት ድረስ ተራ በተራ ይሞክሯታል። ያስለቀሳት ሰው አርብ ምሳ ሐይቁ ዳር ዓሣ ይጋበዛል። ልጅቷም አብራ ትጋበዛለች፤ «ቀልድ እኮ ነው» ይሏታል፤ ከሳቀች ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤት ሰው ትሆናለች። የክፍሉ ኃላፊ ጋሽ በኃይሉ በቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ናቸውና በእንዲህ ያለ ነገር እጃቸውን አያስገቡም። እሳቸው ዳኛ ናቸው። ይቆጠራል፣ አይቆጠርም የሚሉት እሳቸው ናቸው።

ከሄራን በፊት የተቀጠሩት ሁለት ሴቶች ዓሣውን ሳይቀምሱ ሥራ ለቀቁ። ሄራን ግን በሦስተኛ ሳምንቷ አለቀሰች። ከወንዶቹ አንዱ ዋሲሁን የተተረተረ ስቶኪንጓን በጠረጴዛ ሥር በስልኩ አንስቶ፣ ሠራተኛው ሁሉ ባለበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ «የተሽከርካሪ ጉዳት፤ ግምት ይሰጠው» ብሎ ለጠፈው። ሃያ ሦስት ሰው የሚስቅ ፊት ላከ። ፋይል ክፍል ገብታ እስከ ምሳ ሰዓት ተንሰቀሰቀች፤ ዋሲሁን በሩ ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያዘ። አርብ ዕለት ዓሣውን በዳጣ እያጠቀሰች ሳቀች። «ሄራን ወንድ ናት» አሏት። ደስ አላት። ይኸው ሁለት ዓመት ሙሉ አርብ አርብ ከወንዶቹ ጋር ምሳ የምትበላ ብቸኛዋ ሴት እሷ ናት።

ታዲያ ይህች ሙንተሃ ምንድን ናት? ወንበሯን ደብቀውባት ግማሽ ቀን ቆማ ሠራች። እንግዳ ሲመጣ ሻይ እንድታቀርብ ሲልኳት አቀረበች፤ የራሷንም ጨምራ አመጣችና ቁጭ ብላ ጠጣች። አንድ ቀን ዋሲሁን ከመሳቢያዋ ሞዴስ አውጥቶ ደንበኞች የሚፈርሙበት ጠረጴዛ ላይ ደረደረው። ሙንተሃ አንድ በአንድ ሰበሰበችና፣ «የት እንዳስቀመጥኳቸው ጠፍቶኝ ነበር፣ አመሰግናለሁ» አለችው። ወንዶቹ ሳቁ። በእሷ አልነበረም የሳቁት፤ በዋሲሁን ነው። ሄራን ይህንን ሁሉ ከጠረጴዛዋ ሆና አየች። ሰው ሳያለቅስ ማለፍ ከቻለ እሷ ያን ጊዜ ምን አስለቀሳት?

ከዚያ ወዲያ የሙንተሃ ነገር ሁሉ ያንገበግባት ጀመር። ሻርፗን የምታስርበት አኳኋን። ስልክ ስታነሳ ድምጿ የማይለወጠው። ጋሽ በኃይሉ «እቺ ልጅ ብረት ናት» ማለታቸው። ሄራንን እንዲህ ብለዋት አያውቁም። ይባስ ብሎ ሁለቱም የሚኖሩት ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ስለሆነ ማታ ማታ በአንድ ባጃጅ ነው የሚሄዱት።

አንድ ቀን ዝናብ ባጃጁ ውስጥ እየገባ ሳለ ሄራን ከዚህ በፊት የት ትሠራ እንደነበር ጠየቀቻት። ሙንተሃ ዓመት ያህል ቤት እንደዋለች ነገረቻት። በሰባት ወሩ የተወለደ ወንድ ልጅ ነበራት፤ ዘጠኝ ቀን ኖረ። ይህንን ስትናገር ድምጿን እንኳን ዝቅ አላደረገችም፤ ወዲያው ሹፌሩን ከአደባባዩ አለፍ ብሎ እንዲያቆም ነገረችው። ሄራን እስከ አደባባዩ ድረስ ከልቧ አዘነችላት። ብቻዋን ስትቀር ግን፣ ይህንንም እንኳን ያለ እንባ አወራችው እኮ፣ ብላ አሰበች።

በማግስቱ ጠዋት ደረጃው ላይ ዋሲሁንን አገኘችው። «ልጅ ሞቶባታል። በእሱ ሞክራት» አለችው።

የሩብ ዓመት ሪፖርት የሚቀርበው ሐሙስ ነበር። ከዋናው መሥሪያ ቤት አቶ ወልደጻድቅ የሚባሉ ሽበታም፣ ፈገግታ የማይለያቸው ሰው መጥተዋል። ሪፖርቱን የምታቀርበው ሙንተሃ ናት። አራተኛው ስላይድ ላይ ዋሲሁን እጁን አወጣ። ሴት ሠራተኞቻችንን ማበረታታት አለብን አለ። ቀጥሎም ሙንተሃ የልጅ እናት መሆኗን ብዙዎቻችን አናውቅም፤ ልጇንና ሥራዋን እንዴት አቻችላ እንደያዘች ልምዷን ብታካፍለን አለ። አቶ ወልደጻድቅ በእውነት ደስ አላቸው።

«ጎበዝ! ስንት ዓመቱ ነው?»

ሙንተሃ ዋሲሁንን አየችው። «ዘጠኝ ቀን ኖሮ ነው የሞተው» አለች። እንባዋ ወረደ። አልጠረገችውም። «ወደ ተሽከርካሪ ካሳ ስንመጣ፣ በሩብ ዓመቱ ከቀረቡት ጥያቄዎች ውስጥ አብዛኞቹ የባጃጅ ግጭቶች ናቸው» ብላ ቀጠለች። ሰባት ስላይድ ቀርቷት ነበር፤ ሰባቱንም አቀረበች። እንባው ከአገጯ ወረቀቱ ላይ ይንጠባጠባል፤ ድምጿ ግን አልተሰበረም። አቶ ወልደጻድቅ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛውን ሲያዩ ቆዩ። ስትጨርስ ጥያቄ ያለው ሰው እንዳለ ጠየቀች።

አርብ ዓሣው ቀርቦ ክርክር ተነሣ። ሙንተሃን ጋብዘዋት ሥራ አለኝ ብላ ቀርታለች። ዋሲሁን አሸንፌያለሁ ይላል። ሌሎቹ ያ ለቅሶ አይባልም አሉ። ሄራን ጣልቃ ገባች፤ በዓይኗ አይታለች፣ እንባው በሁለቱም ጉንጯ ወርዷል፣ ወረቀቱ እንኳን ርሷል፣ እንዴት አይቆጠርም? ስትናገር ድምጿ ከፍ ብሎ ነበርና ከጎን ያሉት ተመጋቢዎች ዞረው አዩዋት።

«አንቺ ደግሞ ምን ሆነሻል?» አለ ዋሲሁን። «የኔ ጠበቃ ሆንሽ እንዴ?»

አንዱ፣ እውነተኛ ለቅሶ የሄራን ነበር አለ። ዋሲሁን ተነሥቶ አሳያቸው፤ አፍንጫውን እየሳበ፣ ትከሻውን እያንዘፈዘፈ፣ በቀጭን ድምፅ «እማዬ! እማዬ!» እያለ። ጠረጴዛው በሳቅ ተናወጠ። ሄራንም ሳቀች፤ ከሁሉም በላይ ረጅም ጊዜ የሳቀችው እሷ ናት። እናቷን መጥራቷን እስከዚያች ሰዓት አታስታውስም ነበር።

ጋሽ በኃይሉ የዓሣውን እሾኽ ከአፋቸው አወጡና ፈረዱ። «ለቅሶ ማለት ሰው ሥራውን ሲያቋርጥ ነው። ልጅቷ አላቋረጠችም። አይቆጠርም።»

ከምሳ ሲመለሱ ሙንተሃ ኮምፒውተሯ ላይ እየጻፈች ነበር። ሄራን ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። ዝም ልትል ፈልጋ አልቻለችም።

«ሰው ፊት ስታለቅሺ አላፈርሽም?»

ሙንተሃ መጻፏን አቆመች። «ለምን አፍራለሁ? ልጄ ነው እኮ። ነገም ቢያነሱት አለቅሳለሁ።» ትንሽ አሰበችና፣ «ዋሲሁን ከግል ማኅደሬ ላይ አንብቦት ነው መሰለኝ» አለች።

«ይሆናል» አለች ሄራን።

ሳያፍሩ ማልቀስ የሚባል ነገር እንዳለ ማንም ነግሯት አያውቅም። በእሱም ይህች ሴት ቀደመቻት። ስልኳ ነዘረ። ከወዲያኛው ጠረጴዛ ዋሲሁን ነው፤ «ሌላ ምን ታውቂያለሽ?» ይላል።

ሄራን ስልኩን በግንባሩ ደፋችው። ወንበሯን ጠጋ አደረገችና ድምጿን አለሰለሰች።

«ባለቤትሽስ ያን ጊዜ እንዴት ሆነ?»

ሙንተሃ እስከዛሬ በዚህ ፎቅ ላይ ይህንን የጠየቃት ሰው የለም። ኪቦርዱን ወደ ጎን ገፋ አደረገችው፤ በሩን ዞር ብላ አየችና፣ ቀስ ብላ ትነግራት ጀመር።