ለሄንሪከ የቆየው ዛፍ

ጌርሊንደ ማንቆርቆሪያውን ይዛ ከገና ዛፉ ሥር ተንበረከከች። ከዋዜማው ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ሥራዋ ይኸው ነው፤ ቅርንጫፎቹን በአንድ እጇ ገልጣ በሌላው ውሃ መጨመር። ጉልበቷ ሲታጠፍ ያማታል፣ ሲዘረጋ ደግሞ ይብስባታል። ዛፍ ሙቀት አይወድም ብላ የእንግዳ ክፍሉን ማሞቂያ ስለዘጋችው፣ እሷና አማቷ የብርዱን ሰሞን ማዕድ ቤት ውስጥ ተጣብበው ነው የከረሙት።

«ጠጣልሽ?» አሉ ትራውጎት በሩ ላይ ቆመው። የሟች ባሏ አባት ናቸው፤ ሰማንያን ካለፉ ቆይተዋል፤ ቤት ውስጥ ካፖርት ደርበዋል።

«እንጃ አባባ። ከላም የበለጠ እንክብካቤ የሚፈልግ ዛፍ ነው።»

«ላሟስ ወተት ትሰጣለች» አሉና ወደ ምድጃቸው ተመለሱ።

በዚህ ተራራማ መንደር የገና ዛፍ ከገና በአርባኛው ቀን እስከሚውለው የሻማ በዓል ድረስ ከቤት አይወጣም። ጥምቀት ባለፈ ማግሥት መንገድ ዳር የሚጥሉት የከተማ ሰዎች ናቸው። ዘንድሮ ግን በዛፉ ላይ የተሰኩት ሻማዎች አንድ ጊዜም አልበሩም። የመጀመሪያውን ሻማ የምትለኩሰው ሁልጊዜ ሄንሪከ ነበረች፤ ትንሽ ልጅ ሳለች አባቷ ኤክሃርት በብብቷ ይዞ ከፍ ያደርጋት ነበር። ኤክሃርት ቅጠል ሲረግፍ ሞተ። ሄንሪከ ከቀብሩ ወዲህ ቤት አልመጣችም። በከተማው ሆስፒታል አዋላጅ ናት፤ ለገናም ተረኛ ነኝ አለች፣ ከሳምንት በኋላ ለገባው አዲስ ዓመትም ተረኛ ነኝ አለች።

«ምንም አይደል» አለቻት ጌርሊንደ በስልክ። «ዛፉን ከነአረንጓዴነቱ አቆይልሻለሁ። ስትመጪ አብረን እናበራዋለን።»

«እሺ እማ» አለች ሄንሪከ። ከሻማ በዓሉ በፊት ባለው እሁድ ልትመጣ ተስማሙ። እሁዱ ዛሬ ነው።

ጌርሊንደ ውሃውን ስትጨምር ሞልቶ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ሰሞኑን ውሃው እምብዛም አይጎድልም ነበር፤ ክፍሉ ቀዝቃዛ ስለሆነ ነው ብላ ራሷን ስታጽናና ከርማለች። አሁን ግን ጣቷን በዛፉ ማቆሚያ ውስጥ ሰድዳ ግንዱን ዳበሰችው። እንደ አጥንት ለስልሷል። ዙሪያውን ልጥ የሚባል ነገር የለውም።

«አባባ! ልጡን ሙልጭ አድርገው ነው እንዴ የጠረቡት?»

«ካልገባ ምን ላድርገው? ግንዱ ወፍራም፣ የማቆሚያው አፍ ጠባብ» አሉ ትራውጎት ወደ በሩ ተመልሰው።

«ሰፊ ማቆሚያ እኮ በየሱቁ ሞልቷል።»

«የአባቴ የብረት ማቆሚያ ቁጭ ብሎ ሌላ ልገዛ?»

«ውሃ የሚወጣው ከልጡ ሥር ባለው እንጨት ነዋ፤ እሱንም አብረው ጠርበውታል! የፖም ዛፋችንን እንዲህ ቢያደርጉት ይደርቅ አልነበረም?»

«የአባቴም ዛፎች ከጥምቀት አያልፉም ነበር» አሉ ረጋ ብለው።

ጌርሊንደ ተንበርክካ እንዳለች ቀና ብላ አየቻቸው። «ያውቁ ነበር ማለት ነው? በየማለዳው እዚህ ስደፋ እያዩ?»

«እኔማ የምትጸልዪ መስሎኝ።»

ልትቆጣ አሰበች፤ አቅም አጣች። ወለሉን በጨርቅ አደረቀችና ሾርባውን ልታይ ሄደች።

ሄንሪከ ለምሳ ደረሰች። ሌሊቱን ስትሠራ አድራ በቀጥታ ነው የመጣችው፤ የዓይኗ ሥር ጠቁሯል። እናቷን አቅፋ፣ አያቷን ስማ፣ የእንግዳ ክፍሉን በር ከፍታ ቆመች። ከዚያ ገባችና ካፖርቷን ልታወልቅ ስትል እጅጌዋ አንዱን ቅርንጫፍ ነካው። መርፌ ቅጠሎቹ እየተንሿሹ ወለሉ ላይ ረገፉ፤ ቅርንጫፉ መለመላውን ቀረ።

ትራውጎት ክብሪት ይዘው ገቡ። «በይ ልጄ፣ ለኩሺ።»

«አይሆንም» አለች ጌርሊንደ።

«አንዷን ብቻ። ባልዲ ውሃ አጠገቤ አስቀምጣለሁ።»

«አንዷም አትበራም አባባ። ቤቱን ነው የሚበላው።» ወደ ልጇ ዞረች። «ቃሌን ሳልጠብቅ ቀረሁ። እንዳይደርቅ ያላደረግሁት ነገር የለም።»

ሄንሪከ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «እማ፣ መንገዱን ሙሉ ምን እያልኩ እንደመጣሁ ታውቂያለሽ? ምነው በደረቀ እያልኩ።»

«ምን አልሽ?»

«ያለ አባዬ ያቺን ሻማ መለኮስ አልቻልኩም። ለገና ተረኛ አልነበርኩም። እኔው ነኝ ለምኜ የሌላ ሰው ተራ የወሰድኩት። አንቺ ደግሞ በደወልሽ ቁጥር፣ ዛፉ አረንጓዴ ነው፣ ዛፉ ደህና ነው።»

ትራውጎት ክብሪቱን ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ ማንም ሳያዛቸው ሻማዎቹን እየነቀሉ ሳጥን ውስጥ መደርደር ጀመሩ። በነቀሉ ቁጥር ቅጠሉ ይረግፋል።

«እናግዝዎት?» አለች ጌርሊንደ።

«ተቀመጪ። እስካሁን የሠራሽው ይበቃል።»

ከልጇ አጠገብ ተቀመጠች። ሄንሪከ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ወንበሩ ላይ ሰበሰበች፣ ልጅ ሳለች እንደምታደርገው። ዓይኗን ከወለሉ ሳታነሳ፣

«አባዬ በመጨረሻው ሌሊት ምን አለሽ?» ስትል ጠየቀች።

ይህን ጥያቄ ጌርሊንደን እስከዛሬ የጠየቃት ሰው የለም።

«መጀመሪያ መስኮት ክፈቺልኝ አለኝ» ብላ ጀመረች።

ትራውጎት አንድ ሻማ በእጃቸው ይዘው፣ ጀርባቸውን እንደሰጡ፣ ሥራቸውን አቁመው ያዳምጡ ነበር።