ተገኘ ወይስ ዝም አለ

እታለም የጥልፍ ማሽኗ በተበላሸ ቁጥር «ማሙሽ!» ብላ ትጠራኝ ነበር። ጢም ካበቀልኩ ስንት ዓመቴ፣ በኮምፒውተር ትምህርትም ተመርቄያለሁ፤ ለታላቅ እህቴ ግን አሁንም ማሙሽ ነኝ። ስሙን ስሰማ ፊቴን አጨማድድ ነበር። ከአራት ወር ወዲህ ጥሪው ሲቀንስ ነው ለካ እንደምወደው የገባኝ።

ጥሪውን የወሰደብኝ እጮኛዋ ነው። ሊፍት ይጠግናል። ትከሻው ሰፊ፣ ዝምተኛ፣ ሲራመድ ኮቴው የማይሰማ ሰው። ቱታውን የሚሰቅለው የኔ ጃኬት ይሰቀልበት በነበረው ሚስማር ላይ ነው። ሻይ የሚጠጣው ጆሮው በተሰበረው የኔ ኩባያ ነው። የጥልፍ ሱቋ ሁለተኛ ቁልፍም ከኔ ኪስ ወደሱ ኪስ ተዛውሯል። በአሥር ዓመት ስለሚበልጠኝ እታለም «ጋሼ በለው» ብትለኝም አፌ እሺ አላለኝም። «አንተ» ብለው ብልግና፣ «ጋሼ» ብለው ሽንፈት መሰለኝ። ስለዚህ «ሻይ ቀርቧል»፣ «በሩ ክፍት ነው» እያልኩ፣ ከግድግዳ ጋር እንደሚያወራ ሰው አራት ወር ከረምኩ።

አንድ ረቡዕ ጠዋት ለጥልፍ ማሽኑ ሥዕል የሚልከው የሱቁ አሮጌ ኮምፒውተር ጭስ አወጣና ሞተ። በማግስቱ አራት ሰዓት ላይ እታለም የምትሠራለት ሆስፒታል ሰማንያ የነርስ ጋውን፣ ኪሳቸው ላይ አርማው ተጠልፎ፣ ሊረከብ ቀጠሮ ይዟል። ከዘገየ ሥራውን ለሌላ ጥልፍ ቤት እንደሚሰጥ አስቀድሞ ነግሯታል። ከሆስፒታሉ ሌላ ደግሞ ይህ ነው የሚባል ደንበኛ የላትም።

«ማሙሽ!» አለችኝ። ልቤ ዘለለ።

የራሴን ኮምፒውተር ተሸክሜ መጣሁ። የምጠቀመው እንደ ብዙ ሰው ዊንዶውስን ሳይሆን ሊኑክስን ነው። ሥዕሉን ወደ ስፌት የሚቀይረው ፕሮግራም ለሊኑክስ ተዘጋጅቶ አይገኝም፤ ኮዱን አውርዶ ራስ ኮምፓይል ማድረግ፣ ማለትም ወደሚሠራ ፕሮግራም መቀየር፣ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ፕሮግራም ደግሞ ብቻውን አይቆምም። ሌሎች ሰዎች የሠሯቸውን ላይብረሪዎች ይፈልጋል፤ አንዱ ሥዕል ያነብለታል፣ አንዱ ቀለም ይለይለታል፣ አንዱ መርፌዋ የት እንደምታርፍ ያሰላለታል። ከነዚያ አንዱ ከሌለ «የለም» ብሎ ቀጥ ይላል።

«የለም» አለ። ጫንኩለት። ሌላ «የለም» አለ። እሱንም ጫንኩለት። አምስተኛው ላይ፣ ጥግ ተቀምጠው ቁልፍ የሚተክሉት እትዬ ቁልፊት መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ።

«ይሄ ኮምፒውተርህ አማቴን ነው የሚመስለው» አሉ። «አንዱን ስታሟላለት ሌላ ያምረዋል።»

«ቀርቧል እትዬ፣ አንድ ነው የቀረው።»

የቀረው አንዱ ግን ክፉ ነበር። ፕሮግራሙ የሚፈልገው የስሌቱን ላይብረሪ ሦስተኛ እትም ነው፤ እኔ ጋ ያለው ሁለተኛው ነው። ሦስተኛውን ለማግኘት እሱን ራሱን ኮምፓይል ማድረግ ነበረብኝ፤ እሱም በተራው ሌሎች ሁለት ይጠይቃል። ይሄን እያነበብኩ ሳለ ከኋላዬ የማሽን ዘይት ሸተተኝ። እጮኛዋ መጥቷል። የመሣሪያ ቦርሳውን እንዳንጠለጠለ ስክሪኑን ያያል።

እታለም ከውስጠኛው ክፍል ብቅ አለች። የሠራተኛ ፊቷ ጠፍቶ የሙሽራ ፊቷ መጣ።

«እንዴት ይመስልሃል፣ የሚደርስ ይመስልሃል?» አለችው።

እሱን! ሊፍት ጠጋኙን! ስለ ኮምፒውተር!

ፊቴ ሲግል ተሰማኝ። ያን ጊዜ አንድ አቋራጭ ትዝ አለኝ። ሁለተኛውን እትም «ሦስተኛ ነኝ» የሚል ስም ለጠፍኩበት። አንድ መስመር ትእዛዝ ብቻ ነው። ፕሮግራሙ ስሙን አየ፣ አመነ፣ ያለ አንድ ቅሬታ ተጠናቀቀ።

«አለቀ» አልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

እሱ ግን አገጩን አሸት አሸት አደረገ። «የጎደለው ተገኘ ወይስ ዝም አለ?»

«ምን ማለት ነው?»

«ሊፍት ላይ ደወል ሲጮህ ሽቦውን ብትቆርጠው ዝም ይላል። በሩ ግን እንደተከፈተ ነው።»

«ተገኘ» አልኩ።

የመጀመሪያው ጋውን ተወጠረ። መርፌዋ ሦስት አራት ጊዜ በደንብ ሄደችና አንድ ቦታ ላይ ተተከለች። ክሩ እዚያው ተቆልሎ የወፍ ጎጆ መሰለ። መርፌዋ ቀጭ ብላ ተሰበረች። ሁለተኛው ጋውን እንደዚያው፤ ሦስተኛውም። በስድስተኛው ላይ እታለም ማሽኑን አጠፋችው።

«ምንድነው ይሄ?»

ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ሁለተኛው እትም የሚያሰላው በሌላ ልኬት ነው። ይሄን ማለት ነበረብኝ። ያልኩት ግን፦

«ባለፈው ሳምንት ማሽኑን የፈታው ማን ነበር?»

እታለም ወደሱ ዞረች። ዘይት ለመቀባት ብሎ ፈቶ ያጸዳው እሱ ነው።

«ነካክተኸው ነው?» አለችው። እንዲህ ባለ ድምፅ ስታናግረው ሰምቼ አላውቅም። ደስ አለኝ። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ።

እሱ አልተከራከረም። ጋዜጣ ወለሉ ላይ ዘረጋ፣ እጅጌውን ሰበሰበ፣ ማሽኑን ፈታ። ብሎኖቹን በወጡበት ቅደም ተከተል ደረደራቸው። እያንዳንዱን ወደ ብርሃን እያነሳ አየ። «የኔ ጥፋት ሊሆን ይችላል» ይላል በየመሃሉ፣ ለራሱ። «አጥብቄው ይሆናል።» ምሳ ሰዓት አለፈ። እኔ ወንበሬ ላይ ሆኜ ስክሪን የማይ መሰልኩ። ሰውዬው ቢቆጣ፣ ቢሰድበኝ፣ ቢያንስ አንዴ በክፉ ዓይን ቢያየኝ ይቀለኝ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማሽኑን መልሶ ገጠመ። ከኔ ኮምፒውተር የሚሄደውን ገመድ ነቀለ። ከዚያ ማሽኑ ከፋብሪካ ጀምሮ ውስጡ የያዛትን አንዲት አበባ፣ ቁራጭ ጨርቅ ላይ አስጠለፈ። አበባዋ አምራ ወጣች፤ አንድ ክር እንኳ አልዘለለችም።

ጨርቁን አገላብጦ አየ። ቀና ብሎ አየኝ። ሁሉም ነገር ገባው።

እታለም በውስጠኛው ክፍል ስልክ እየደወለች ነበር። «አዎ፣ ከጥልፍ ቤቱ ነኝ…» ስትል ይሰማል። «አይ፣ ለነገው ነበር… እየጠበቅኩ ነው፣ ኃላፊውን ያገናኙኝ።»

«እህትህ ሥራውን ልትመልስ ነው» አለኝ በዝግታ፣ እትዬ ቁልፊት እንኳ እንዳይሰሙ። «ልጠይቅህ። የጎደለው ተገኘ ወይስ ዝም አለ?»

አሁንም «ተገኘ» ማለት እችል ነበር። ያምነኝ ይሆናል፤ ባያምነኝም አይናገርም። እሷም ሱቁን ስትዘጋ ጥፋተኛው እሱ ሆኖ ይቀራል። ይሄን ሁሉ አሰብኩት፤ ለአፍታ ጣፈጠኝ እንኳ።

«ዝም አሰኘሁት» አልኩ።

ተነስቼ ሮጥኩ። «እታለም፣ ዝጊው!»

ስልኩን በእጇ ሸፍና አፈጠጠችብኝ።

«የኔ ጥፋት ነው። ማሽኑ ምንም አልሆነም፤ እኔ ነኝ ያጭበረበርኩት። እሱ ምንም አላጠፋም። ሦስት ሰዓት ስጪኝ።»

ስልኩን ዘጋችው። አልጮኸችብኝም። «አውቀህ ነው እንደዚያ ያልከው?» ብቻ አለች፤ አንገቴን ደፍቼ «አውቄ ነው» አልኳት።

የለጠፍኩትን የውሸት ስም አጠፋሁ። ሦስተኛውን እትም አወረድኩ። የሚጠይቃቸውን ሁለቱን ፈልጌ ጫንኩ። ስህተት በወጣ ቁጥር ዓይኔ እንደ ልማዴ መጨረሻው መስመር ላይ ሲሄድ፣ እሱ ከጎኔ ቁጢጥ ብሎ «መጀመሪያ የጮኸው የቱ ነው?» ይለኛል፤ እውነትም መልሱ ሁልጊዜ ላይኛው መስመር ላይ ነበር። ማስተማር የነበረብኝ እኔ ነኝ፣ ከትምህርት ቤቱ የመጣሁት እኔ ነኝ፤ ይሄም አንገበገበኝ። አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ አርማው ኪስ ላይ ክብ ሆኖ ወጣ።

«እሰይ!» አሉ እትዬ ቁልፊት። «አማቲቱ ጠገበች።»

እታለም ማሽኑ ላይ ተቀመጠችና ጋውን በጋውን ላይ ትወጥር ጀመር። እኔን ቀና ብላ አላየችኝም። የተበላሹትን ስድስቱን ጋውኖች ከነ ክር ቁልላቸው ጭኔ ላይ ወረወረቻቸው። መፍታት ማለት ነው፤ አንድ ክር በአንድ ክር፣ ጨርቁ ሳይቀደድ።

እሱ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠና ከስድስቱ ሦስቱን ወሰደ። ሳይጠየቅ። በእነዚያ ወፍራም ጣቶቹ ክሩን ይመዛል፤ ከኔ ይፈጥናል።

አንዱ ቋጠሮ እምቢ አለኝ። ትንሿ መቀስ ያለችው በሱ በኩል ነው። ለግድግዳው «መቀስ ያስፈልጋል» ልል ነበር።

«ጋሼ» አልኩ፣ «መቀሷን ያቀብሉኝ።»

አቀበለኝ። የማሽኑ ድምፅ ለአንድ አፍታ ቆመ። እታለም ፈገግ ብላ ወደኛ ታያለች። ፈገግታው ለማን እንደሆነ ለማወቅ ዓይኗን ተከተልኩ፣ አልለየልኝም፤ እሱ ግን ክር እየመዘዘ ስለነበር አላያትም። ፈገግታውን ለኔ ነው ብዬ ወሰድኩት።