እትዬ ፍሬን የኋላ ወንበር ላይ

ተማሪዎቿ በሌለችበት «እትዬ ፍሬን» ይሏታል። የመኪና መንዳት አስተማሪ ናት፤ ከአፏ ከሚወጣው ቃል ግማሹ «ፍሬን!» ነው፤ የቀረው ግማሽ ደግሞ «ፍሬን አልኩህ እኮ!»። ስታረግዝም ሥራዋን አልተወችም። ሆዷና የመኪናው ቀበቶ እየተገፋፉ ታስተምራለች፤ ዕረፊ ሲሏት «ልጁም በዚያው ይማር» ብላ ትስቃለች።

በሰባተኛው ወር ምርመራ ላይ ግን ሐኪሟ የአልትራሳውንዱን መሣሪያ ሆዷ ላይ አንድ ቦታ ደጋግማ አንሸራተተችው። ይህን ስታይ የአስተማሪዋ ቀኝ እግር ሳይታወቃት ፍሬን ፍለጋ ተዘረጋ።

«ልጁ ደህና ነው» አለች ሐኪሟ። «ቦታ የሳተው የእንግዴ ልጁ ነው። ወደ ላይ መሆን ሲገባው ታች ወርዶ የማህፀኑ በር ላይ ተጋድሟል። ማህፀን እያደገ ሲሄድ ከበሩ የሚሸሽበት ጊዜ አለ። ካልሸሸ በምጥ መውለድ አይታሰብም፤ ቀዶ ጥገና ነው። እስከዚያው ከባድ ዕቃ ማንሳት የለም፣ መንዳት የለም፣ ከባለቤትሽም ጋር መኝታ መለየት ነው።» ከአልጋው ጎን የቆመው ሰዓት ጠጋኝ ባሏ ጆሮው ድረስ ቀላ። «ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ባያምሽም እንኳ ደም ካየሽ ነገ ዛሬ ሳትዪ ወደዚህ።»

ወሬው የባሏ እናት ዘንድ ሲደርስ አሮጊቷ «ሁለት ቀን ልያት» ብለው መጡ፤ ሻንጣቸው ግን የሁለት ዓመት ነበር። ጉዳዩን ዘርዝረው ሲነግሯቸው አገጫቸውን ይዘው አሰቡ።

«ስሙ ራሱ እንግዳ ነው እኮ! እንግዳ በር ላይ ሲቀመጥ ምን ይባላል? ወደ ውስጥ ግባ ነው የሚባለው። አክብራችሁ ለምኑት እንጂ!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ከምራታቸው ሆድ ፊት ጎንበስ ብለው «ኖር! ከፍ በል፣ እዚያ ላይ ሰፊ ቦታ አለ» ይሉ ነበር። እሷም እየሳቀች ሆዷን ታቀርብላቸዋለች። ሽንት ቤት በገባች ቁጥር ግን ልቧ ቀድሟት ይገባል። ወረቀቱን አይታ፣ ነጭ መሆኑን አረጋግጣ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ስትተነፍስ ማንም አያያትም።

ሶፋ ላይ ተኝታ ስታስብ አንድ ነገር እንቅልፍ ነሳት፤ ደም ቢመጣ ማን ይነዳል? ባሏ እንደሆነ የዛሬ ስምንት ዓመት ልታስተምረው ሞክራ፣ በመጀመሪያው ቀን የቆሻሻ ገንዳ ገጭቶ፣ ገንዳውን ይቅርታ ጠይቆ ወርዷል። ሁለተኛ መሪ አልነካም።

«ትማራለህ» አለችው።

«ታክሲ የለም እንዴ?»

«ታክሲ ስትፈልገው ነው የሚጠፋው። ትማራለህ አልኩህ!»

የማሠልጠኛው ግቢ ከቤታቸው ፊት ለፊት ነበር። የማሠልጠኛው ባለቤት አንዷን አሮጌ የመለማመጃ መኪና ለቀቁላት፤ ባልም የለማማጅ ፈቃዱን አወጣ። እሷ በረንዳው ላይ እግሯን ሰቅላ፣ በስልክ ታስተምረው ጀመር። እናቱ «ልጄን ብቻውን ለብረት አልሰጥም» ብለው ከጎኑ ገቡ። መዘዙ እዚህ ላይ ነው። የመለማመጃ መኪና በአስተማሪው በኩል ሁለተኛ ፍሬን አለው፤ አሮጊቷ ደግሞ ይህን ባገኙት ቀን ደስታቸው ወሰን አጣ። ድመት ሲያዩ ይረግጡታል። ቅጠል ሲወድቅ ይረግጡታል።

«እማማ፣ እግርዎን ያንሱለት!» ትላለች በስልኩ።

«የኔ እግር ምን አደረገ? መኪናው ነው ፈሪ!»

ባልየው በበኩሉ ማርሽ በቀየረ ቁጥር አንገቱን ደፍቶ ወደ ታች ይመለከታል። ውስጡን ከፍቶ ቢያይ ነገሩ እንደሚገባው ነግሯታል፤ የሰዓት ሰው ነዋ! «መንገዱን እይ!» ትጮኻለች። መንገዱን ሲያይ በግራ እግሩ ፍሪሲዮኑን መርገጥ ይረሳል፤ መኪናው እንደ ፍየል ዘሎ ይቆማል። ያም ሆኖ ቀን በቀን ጨምሮ ግቢውን መዞር ቻለ። መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ግን ገና ብዙ ይቀረው ነበር።

እንግዴ ልጁ ንቅንቅ አላለም። ቀዶ ጥገናው ቀን ተቆረጠለት። ቀኑ ሳይደርስ ግን አንድ ከሰዓት በኋላ ውሃ ልትቀዳ ስትነሳ እግሯ መካከል ሙቀት ተሰማት። ዝቅ ብላ አየች። ደማቅ ቀይ ነው። ሕመም የሚባል የለም።

«ተነሱ፣ እንሂድ» አለች፤ ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት።

ባልየው ከፊቱ የፈታታውን ሰዓት በክርኑ ጠርጎ አምቡላንስ ጠራ። ሩቅ ሰፈር ነው ያለነው፣ ጠብቁን አሉት። ስልኩን ዘግቶ የመለማመጃ መኪናውን ቁልፍ አነሳ፤ እሷ ሳትነግረው ነው ያነሳው።

የኋላ ወንበር ላይ በግራ ጎኗ ተጋደመች። ከዚያ ሆና የሚታያት ሰማይና የመብራት ሽቦ ብቻ ነው። ስለዚህ በጆሮዋ ታስነዳው ጀመር።

«ሞተሩ እያለቀሰ ነው፣ ሁለተኛ አስገባ! ... እማማ፣ እግርዎ!»

«አንስቻለሁ!»

«አላነሱም፣ ይሰማኛል!»

በትእዛዝና በትእዛዝ መሃል እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። ልጁ አልተንቀሳቀሰም። አንድ መብራት አለፉ። አሁንም ምንም። ከዚያ ጎኗን ደህና አድርጎ ሲመታት አፏን በእጇ አፈነች።

ሆስፒታሉ ጋ ሊደርሱ ሲሉ ዳገቱ ላይ መኪናው ጠፋ። ከኋላ የክላክስ መዓት ተንጫጫ።

«አልችልም» አለ ባልየው። «እኔ ሰው አይደለሁም፣ ገደልኳችሁ።»

ስድቡ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው። ለማንም ተማሪ አውጥታው በማታውቀው ዝግ ባለ ድምፅ፣ «የእጅ ፍሬን ያዝ» አለችው። «አስነሳው። ፍሪሲዮኑን ቀስ፣ ቀስ አድርገህ። ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ይሰማሃል፤ አንተ እንኳን ሞተር የሰዓት ልብ ትሰማ የለ? ያኔ የእጅ ፍሬኑን ልቀቀው።»

መኪናው ትንሽ ወደ ኋላ አለ፣ አሰበ፣ ወጣ።

መስቀለኛው ላይ ትራፊክ ፖሊሱ እጁን ዘርግቶ አስቆማቸው። አሮጊቷ ወገባቸው ድረስ በመስኮት ወጡ።

«መንገድ ስጠን፣ የኔ ልጅ! በር ላይ ተቀምጦብናል!»

«ማን?»

«እንግዴ ልጁ!»

ፖሊሱ ነገሩ ባይገባውም ወደ ኋላ ወንበር ሲመለከት ፊቱ ተለወጠ፤ ፊሽካውን ነፍቶ መንገዱን ከፈተላቸው።

ባልየው ሆስፒታሉ በር ላይ መኪናውን አግድም አቁሞ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ ዘሎ ወረደ። ሚስቱን በተሽከርካሪ አልጋ ሲወስዷት ዘበኛው ከኋላቸው እየሮጠ «ኧረ ሰውዬ፣ በሩን ዘጋኸው እኮ!» አለ። ይህን ስትሰማ ሳቋ አመለጣት። እየሳቀች እንባዋ ወረደ፤ ሐኪሟ እጇን ይዛ «ደግ አደረጋችሁ፣ አልቆያችሁም» እስክትላት ድረስ የትኛው ሳቅ የትኛው ልቅሶ እንደሆነ ራሷም አልለየችውም።

ቀዶ ጥገናው ፈጣን ነበር። ደም ተሰጣት። ልጅቷ ቀኗ ሳይሞላ ስለመጣች ጥቂት ቀን ማሞቂያ ክፍል ቆየች፤ ትንሽ ብትሆንም ጩኸቷ ኮሪደሩን የሚሞላ ነበር።

አምጥተው ሲያስታቅፏት ባልና እናቱ አልጋው ዳር ቆመው ይከራከሩ ነበር።

«እኔ ነኝ የነዳሁት» ይላል እሱ።

«እኔ ባልይዝልህ የት ትደርስ ነበር?» ይላሉ እሳቸው።

ሕፃኗ አፍንጫዋን ሸብሸብ አድርጋ አነጠሰች። አባትየው ደንግጦ፣ ለትልቅ ሰው እንደሚደረገው ከወገቡ ዝቅ ብሎ፣ «ይማርዎት!» አላት። አሮጊቷ አልጋውን ይዘው በሳቅ ተንፈራፈሩ።

«ኧረ በእናታችሁ አታስቁኝ» አለች እናትየው በአንድ እጇ ልጇን፣ በሌላው ሆዷን ደግፋ። «ስፌቱ!»