የሚያውቋት ሁለት ሰዎች

ኮሪን ቫስኮና እኔ አሜሪካ፣ ዱሉዝ ከተማ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል አሥራ አንድ ዓመት አብረን ሠርተናል። አንሶላ አጣፊዎች ነን። እሷ አንዱን ጫፍ፣ እኔ ሌላውን ይዘን እንዘረጋለን፣ እንጠጋጋለን፣ ጫፉን አቀብያት ወደ ኋላዬ እመለሳለሁ። በቀን ስንት መቶ ጊዜ ጣቶቻችን ይነካካሉ። ማሽኖቹ ስለሚጮኹ ግን ወሬ የለም። ባሏን መፍታቷን የሰማሁት ከፈታችው ከሰባት ወር በኋላ ነው፤ ያውም ከሌላ ሰው።

ከባሏ ጋር የኖረችበት ቤት የኪራይ ነበር፤ ውሉ በእሱ፣ በላይል ስም ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ኪራዩን ይዛ የምትሄደው እሷ ነበረች። ደረሰኙ ላይ የሚጻፈው ግን የሱ ስም ነው። በእሷ ስም የተመዘገበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ወንድሟ ጭነት መኪና በብድር ሲገዛ ዋስ ሆና የፈረመችው። ወንድሟ ሁለት ዓመት ከፈለና አቆመ፤ ከዚያም ወደ ምዕራብ ሄደ ተባለ፣ አድራሻው ጠፋ። አበዳሪው መኪናውን ወሰደ፣ የቀረውን ዕዳ በእሷ ላይ ጻፈ። ስለዚህ ወረቀት ላይ ያለችው ኮሪን ተበድራ ያልከፈለች ሴት ናት። ሌላ ኮሪን የለችም።

ከቤቱ ስትወጣ ለጊዜው ብላ በሳምንት የሚከፈልበት ሞቴል ገባች። ከመስከረም እስከ ኅዳር ቤት ለመከራየት ሰባት ቦታ አመለከተች። ለእያንዳንዱ ማመልከቻ የማይመለስ ሃምሳ ዶላር ይከፈላል። ከዚያ በሦስተኛው ቀን አይሆንም የሚል ደብዳቤ ይመጣል፤ ሁሉም አንድ ሰው የጻፋቸው ይመስላሉ። በሰባተኛው ቦታ ደብዳቤ መጠበቁ ስለሰለቻት ራሷ ቢሮው ድረስ ሄደች።

«እናቴ፣ የብድር ነጥብዎ ዝቅ ያለ ነው» አለቻት ጸሐፊዋ፣ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳትነቅል።

«ደሞዜን አይታችሁታል። ሦስት ወር አስቀድሜ ልክፈል።»

«እኔ አይደለሁም የምወስነው። ሲስተሙ ነው የሚመልሰው።»

«ሲስተሙን ማናገር ይቻላል?»

ልጅቷ ቀልድ መስሏት ሳቀች። ኮሪን አልቀለደችም ነበር። ያን ቀን ከሁሉም በላይ የከነከናት ግን «እናቴ» መባሏ እንደሆነ ነገረችኝ፤ ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ልጅ የላትም።

ይህን ሁሉ ያወራችኝ በኋላ ነው። ያኔ እኔ የማውቀው ምሳዋን የሞቴል ስም ባለበት የወረቀት ኩባያ ውስጥ ይዛ መምጣት መጀመሯን ነው። አየሁ፤ አልጠየቅኩም።

በኅዳር መጨረሻ፣ በረዶው መጣል በጀመረበት ሳምንት፣ ግሮሰሪ ውስጥ በእጅ የተጻፈ ማስታወቂያ አየች። ላይኛው ፎቅ ይከራያል ይላል፤ ስልክ ቁጥርም አለው። ባለቤቱ ቶይቮ ሌህቲነን የሚባሉ የሰማንያ አራት ዓመት ሽማግሌ ናቸው። ዕድሜያቸውን ከተማዋ ባለችበት ሐይቅ ዳር መርከብ ላይ የብረት ማዕድን ሲጭኑ ያሳለፉ፣ አሁን ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው ናቸው። ቤታቸው ዳገቱ ላይ ነው። ኮሪን ደረጃውን ወጥታ ክፍሉን እንኳ ሳታይ፣

«አስቀድሜ ልንገርዎት፤ የብድር ታሪኬ መጥፎ ነው» አለች።

«ኮምፒውተር የለኝም። በምን አየዋለሁ?» አሉ ሽማግሌው። የተቀደደ ፖስታ ገለበጡና እርሳስ ሰጧት። «የሚያውቁሽን ሁለት ሰዎች ስምና ስልክ ጻፊልኝ።»

የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ጋ ተቀመጠች። መጀመሪያ የእኔን ስም ጻፈች፤ አርዲስ። ከዚያ እርሳሱን እንደያዘች ቀረች። እናቷ ሞታለች። ወንድሟ የለም። ጎረቤት የምትላቸው ሁሉ የላይል ወዳጆች ነበሩ። ሞቴሉ ውስጥ ቁልፍ የሚሰጣት ሰውዬ የሚጠራት በክፍሏ ቁጥር ነው። ሲስተሙ ሰባት ጊዜ ሲመልሳት አላለቀሰችም፤ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ግን እንባዋ መጣና ፖስታውን እንዳያረጥበው ወደ ጎን ገፋ አደረገችው።

«ሁለተኛውን ነገ አመጣለሁ» አለች።

«ጠላትም ቢሆን ግድ የለኝም» አሉ ቶይቮ። «እንዲያውም ጠላት አጣርቶ ነው የሚያውቀው።»

በማግስቱ አንሶላው መሃል ስንገናኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ስምሽን ለአንድ ሰው ሰጥቻለሁ፣ አትቀየሚኝ» አለችኝ። ማታ ሽማግሌው ደወሉ።

«ምን ዓይነት ሰው ናት?»

«በሰዓቷ ትገባለች። ቀርታ አታውቅም። ንጹሕ ናት።»

«እሱ ደህና። ስታርፍ ምን ታደርጋለች? ምን ትወዳለች?»

የጣቶቿን ቅዝቃዜ አውቀዋለሁ። የቀኝ ትከሻዋ እንደሚያማት አውቃለሁ። ከዚያ ሌላ የምለው አጣሁ።

«ስንት ዓመት ነው አብራችሁ ያላችሁት?»

«አሥራ አንድ።»

«እሺ» አሉ። ስልኩን ዘጉ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ኮሪን በዚያው ምሽት ለላይል ደወለች። ከተለያዩ ወዲህ ድምፁን ሰምታ አታውቅም።

«ምን ሆነሻል?» አላት።

«ምንም አልሆንኩም። አንድ ሽማግሌ ይደውልልሃል። እውነቱን ንገራቸው።»

«የትኛውን እውነት? ብዙ አይነት አለን እኮ።»

«የኪራዩን።»

ቴሌቪዥኑ ይሰማታል፤ አብረው ሲኖሩም መቼም የማያጠፋው ያ ቴሌቪዥን። «ቁጥሬን ስጫቸው» አለና ዘጋ።

ከሁለት ቀን በኋላ ቶይቮ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡላት። ላይል ምን እንዳለ ለመጠየቅ ብትፈራ ራሳቸው ነገሯት። «በሃያ ሁለት ዓመት አንዲት ቀን አሳልፋ አታውቅም፤ ከፋይዋ እሷ ነበረች አለኝ። ደግሞ ቅር ሲላት አትናገርም፣ መጠየቅ ያለብህ አንተ ነህ፣ እኔ አልጠየቅኳትም አለ።»

«ላይል ነው እንዲህ ያለው?»

«እንጃ። ላይል ነኝ ነው ያለኝ።»

ዕቃ ለመጫን መኪናዬን ይዤ ልምጣ ስላት፣ «ሁለት ቦርሳ ነው፣ በአውቶቡስ ይበቃኛል» አለችኝ። እኔም አልገፋሁበትም፤ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው። አልጋ እስክትገዛ አራት ሌሊት ወለል ላይ ተኛች። ከመስኮቷ ሐይቁ ይታያል፤ በእነዚያ ወራት ግን ሐይቅም ሰማይም አንድ ግራጫ ነው። ቤት በስሟ ስትይዝ የመጀመሪያዋ ነበር። ለማን ብላ እንደምትነግረው አላወቀችም። ውሉን አጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችውና ሾርባዋን ቆማ ጠጣች።

ሦስት ሳምንት እንዳለፈ አንድ እሑድ ከሰዓት በሩ ተንኳኳ። ቶይቮ ናቸው። ደረጃው ትንፋሽ አሳጥቷቸው የደረጃውን መደገፊያ ይዘው ቆመዋል።

«ታመሻል እንዴ?» አሉ።

«ኧረ ደህና ነኝ። ምነው?»

«ከላይ ምንም አይሰማም። ሰው ያለበት አይመስልም።»

«እንዳልረብሽዎት ብዬ ነው። በካልሲ ነው የምሄደው።»

ሽማግሌው ወለሉን አዩ፣ ከዚያ እግሯን። «ባለቤቴ ከሞተች አምስት ዓመቷ ነው» አሉ። «ክፍሉን ለገንዘቡ ብዬ አይደለም ያከራየሁት። ጫማሽን አድርጊ።»

እንዲህ ብለው መልስ ሳይጠብቁ፣ ግድግዳውን ተደግፈው አንድ በአንድ ወረዱ። ኮሪን የታችኛው በር እስኪዘጋ ጠበቀች። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የሥራ ጫማዋን አደረገች፣ ክሩን አሰረች። ከመስኮቱ እስከ ምድጃው ሄደች። ብቻዋን በባዶ ክፍል መመላለሷ አሳፈራትና ቆም አለች። ከታች የሽማግሌው ሬዲዮ ድምፅ ሲቀነስ ሰማች። ትንሽ ቆይታ፣ አሁን ተረከዟን ጠበቅ አድርጋ እየረገጠች፣ ወደ መስኮቱ ተመለሰች።