አራት ማኅተም

ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሌላ ማንም አይደለም። አምስት ማኅበራት ጥምረቱን የመሠረትን ቀን፣ በነርሶች ማኅበር ቢሮ አንድ እግሩ በሚወላገድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን ሳለ እጄን አወጣሁና የአምስታችንም ማኅተም ያላረፈበት ደብዳቤ ከዚህ ቤት እንዳይወጣ አልኩ። አንዱ ነገ ተነስቶ እኔ የለሁበትም እንዳይል ነዋ። ሁሉም አጨበጨቡልኝ። የነርሶቹ ጸሐፊ ሆኜ ደብዳቤ ከመተየብ በቀር የማውቀው ነገር ሳይኖር፣ ያን ቀን ሕግ አዋቂ የሆንኩ መሰለኝ።

የምንጠይቀው ነገር ቀላል ነበር። የመንግሥት ሆስፒታሉ የኩላሊት እጥበት ክፍል ስድስት ማሽኖች ነበሩት፤ ሁለቱ ቆመዋል። ለጥገናና ለማጣሪያ በጀት ካልተያዘ የቀሩትም መቆማቸው ነው። ለሌላው ሰው ይህ ቁጥር ነው። ለእኔ ግን በሳምንት ሦስት ቀን በአንደኛው ማሽን ላይ የሚተኛው ወንድምጋሼ ነው፤ አባታችን ከሞተ በኋላ ልብስ እየሰፋ ያሳደገኝ ታላቅ ወንድሜ። የታካሚዎቹ ማኅበር ሊቀመንበርም እሱው ነበር። ማኅተሙን አዝራር በሚያጠራቅምበት ቆርቆሮ ውስጥ ያኖረዋል፤ በፈለገው ቁጥር ጠረጴዛው ላይ ገልብጦ ከአዝራሩ መሀል ይለቅመዋል።

ዓመቱን ሙሉ ደጅ ጠናን። ከቢሮ ቢሮ ስመላለስ የጫማዬ ተረከዝ አለቀ። አንዱ ኃላፊ ስብሰባ ላይ ነው፤ ሌላው ከስብሰባ ወጥቶ ሻይ ላይ ነው፤ የተገኘው ደግሞ ወንበር ስቦ ያስቀምጠንና ሐሳባችሁን ተቀብለናል ብሎ ያሰናብተናል። መግለጫ ስንሰጥ ሦስት ጋዜጠኞች መጡ፤ አንደኛው አዳራሽ ተሳስቶ ነው። ይህን ሁሉ ስነግረው ወንድምጋሼ ይስቃል።

«ሁሉም ተቀብለናል ይላል፤ የተቀበሉትን የት እንደሚያስቀምጡት ነው ያልገባኝ» ይለኛል።

በዓመቱ አጋማሽ ሦስተኛው ማሽንም ቆመ። የእሱ ሦስት ቀንም ወደ ሁለት ወረደ። እግሩ አብጦ ጫማ አልገባ ሲለው፣ በዚያው ጨርቅ በሚቆርጥበት መቀስ የነጠላ ጫማውን ማሰሪያ ከፈተና በላስቲክ ሰፋው። ደንበኛ እንዳገኘ ሰው እግሩን ዘርግቶ እንዴት ነው አለኝ። ያምራል አልኩት። ከዚያ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

የበጀት ኮሚቴው የመጨረሻውን ጥያቄ የሚቀበለው እስከ ዓርብ ነበር። ማክሰኞ አራት ማኅተም ሰበሰብኩ። የጎደለው የመድኃኒት ባለሙያዎቹ ነው። ሊቀመንበራቸው ልጁ ልትወልድ ነው ተብሎ ሌላ ከተማ ሄዷል፤ ማኅተሙም በኪሱ ነው። ዱሮ እሱ በሌለበት ሰው ደብዳቤ አትሞበት ስለሚያውቅ ሚስቱንም አያምናትም። ስደውልለት ዓርብ ጠዋት እደርሳለሁ አለ። ዓርብ ጠዋት ደብዳቤውን በቦርሳዬ ይዤ መዝገብ ቤቱ በር ላይ ቆምኩ። እኩለ ቀን ላይ ደወለ፤ አውቶቡሱ መንገድ ላይ ተበላሽቷል።

የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ስቁነጠነጥ አይታ ምን እንደምጠብቅ ጠየቀችኝ። ነገርኳት።

«እህቴ፣ አንድ ማኅተም ይበቃል። አምጪውና ልመዝግብልሽ» አለችኝ።

አልሰጠኋትም። አንድ ማኅተም ከጎደለ ጥምረቱ ፈረሰ ይባላል ብዬ ፈራሁ። እውነቱ ይነገር ከተባለ ግን ፍርሃት ብቻ አልነበረም። ዓመቱን ሙሉ ሰው ላይ የጮህኩበት ሕግ ነው፤ በራሴ እጅ ማፍረስ ሞቴ መሰለኝ። አግዳሚው ላይ ተቀምጬ አውቶቡስ ስጠብቅ መስኮቱ ተዘጋ።

ሰኞ አምስት ማኅተም ያረፈበትን ደብዳቤ አስገባን። ያማረ ነበር። መልሱ ከሁለት ወር በኋላ መጣ፤ ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም የቀረበው ከጊዜ ገደቡ በኋላ ስለሆነ ለመጪው ዓመት ይታያል ይላል።

ለወንድምጋሼ መደበቅ አልቻልኩም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ስለ አውቶቡሱም፣ ሴትዮዋ ስላለችኝም አንድ ሳላስቀር ነገርኩት። ይቀልዳል ብዬ ጠበቅኩ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ከአራቱ አንዱ የእኔ ነበር» አለ። «እሱ አልበቃሽም?»

ነገሩን ዳግመኛ አላነሳብኝም፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሌላ ማሽን ሲቆም ሁለቱ ቀን ወደ አንድ ወረደ። ከዚያ በአምስተኛው ሳምንት፣ ተራው ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ አረፈ።

ታካሚዎቹ ተሰብስበው ሌላ ሊቀመንበር የሚመርጡበት አቅም አልነበራቸውም። ለጊዜው አንቺው ያዢልን ብለው ቆርቆሮውን ሰጡኝ። አዲሱ ዓመት ሲገባ ጥምረቱ ለስብሰባ ተጠራ። የመድኃኒት ባለሙያው ማኅተሙን በጁ ጨብጦ ከሁሉም ቀድሞ መጥቷል፤ ዐይኔን ግን አያይም። የደብዳቤው መግቢያ ላይ ክርክር ተነሳ። አንዱ «በአክብሮት» ይግባ ይላል፤ ሌላው «በጥብቅ»። ረቂቁ ለሚቀጥለው ሳምንት ይደር ተባለ።

ቆርቆሮውን ያ የሚወላገድ ጠረጴዛ ላይ ገለበጥኩት። አዝራሮቹ ወለሉ ላይ ተበተኑ። ማኅተሙን ለቀምኩና ከፊቴ ያለው ረቂቅ ላይ አሳረፍኩት። የጥምረቱ ሊቀመንበር ወዴት ነው አለችኝ። ወረቀቱን ይዤ ወጣሁ።

መዝገብ ቤቱ ክፍት ነበር። ሴትዮዋ ወረቀቱን አገላብጣ አየችው።

«የሌሎቹስ?» አለችኝ።

«አንድ ይበቃል ብለሽኝ ነበር» አልኳት።