ሹፌሩ የታለ?

ሦስት ሐሙስ ዋሽቻለሁ። የዋሸሁት ደግሞ ወደ መካ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ለውሸት ከዚህ የባሰ ቦታ ተፈልጎም አይገኝ።

ነገሩ የጀመረው ልጆቹ ሲያድጉ ነው። ጂዳ፣ ኦብሑር ባሕሩ ዳር ያለው ቤት ስቀጠር የማዳም ሪም ትንሹ ልጅ ገና ዳዴ ይል ነበር። አሁን ቁልቁል እያየኝ «ከሪማ፣ ቻርጀሬን አየሽው?» ይለኛል። አሥራ አራት ዓመት ሰው ሳሳድግ ቆይቼ አንድ ቀን ዞር ብዬ ሳይ፣ በዚያ ቤት ያላደግሁት እኔ ብቻ ነኝ። ከዚያ ወዲህ መቀመጥ አቃተኝ። ያጸዳሁትን መስታወት መልሼ አጸዳለሁ። ፍሪጅ ከፍቼ ምን እንደፈለግሁ ይጠፋኛል። ጉንዳን የወረረኝ ይመስል ከክፍል ክፍል ስል እውላለሁ።

ማዳም ሪም አይታ ዝም የምትል ሴት አይደለችም። አንድ ጠዋት ጠራችኝ።

«ልጆቹ ኸላስ፣ አድገዋል። ሹፌሩ ቶማስም አገሩ ሊገባ ነው። እናቴን የሚያመላልስ ሹፌር እፈልጋለሁ፤ ሴት ብትሆን ደግሞ እሰየው። መንዳት ተማሪ። አልሆንልሽ ካለ በክብር አገርሽ እሸኝሻለሁ።»

«በክብር» ያለችው ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። አገሬን ጠልቼ አይደለም፤ ወሎ ምን ይወጣላታል! ግን ስንት ዓመት ወጥ ቤት ቆሜ «እኔ'ኮ ሌላ ነገር እችል ነበር» እያልኩ ስነጫነጭ ኖሬ፣ በሩ ሲከፈት «ይቅርብኝ» ብዬ ልመለስ? ተማርኩ። መንጃ ፈቃዱንም በሁለተኛው ፈተና አገኘሁ። በአንደኛው አጥር ገጭቻለሁ፣ ለማንም እንዳትነግሩብኝ።

ቶማስ የአዳማ ልጅ ነው፤ የቤቱ ሹፌር ሆኖ አሥር ዓመት ኖሯል። የማዳም እናት ኡሙ ዒሳ ሐሙስ ሐሙስ ለከሰዓቱ የዐስር ሰላት መካ፣ ሐረም መስጊድ ይሄዳሉ። ቶማስ ግን ክርስቲያን ነውና መካ አይገባም። ስለዚህ ከመካ መግቢያ ኬላ በፊት እስካለው ነዳጅ ማደያ ድረስ ያደርሳቸዋል፣ ከዚያ ታክሲ ይይዛሉ። ጉልበታቸው ደከመና መውጣት መውረዱ መከራ ሆነባቸው። ማዳም እኔን የፈለገችኝ ለዚህ ነው፤ ከቤት ደጅ እስከ ሐረም ደጅ ሳይወርዱ እንዳደርሳቸው።

በመጀመሪያው ሐሙስ ከኦብሑር እስከ ማደያው እኔ ነዳሁ፣ ቶማስ ከጎኔ ሆኖ። «ፍሬቻ! ስፖኪዮ እዪ! ሴትዮ፣ መሪውን አትነቂው፣ አያመልጥሽም!» ማደያው ስንደርስ እሱ ወረደ። የጎኔ ወንበር ባዶ ሲሆን፣ ፊት ለፊቴ ደግሞ ያ ሁሉ መኪና ሲግተለተል ሳይ እግሬን ከፍሬኑ ማንሳት አቃተኝ። «መኪናው ሞቋል መሰለኝ» አልኩና እጄን አውጥቼ ታክሲ ጠራሁ። ኡሙ ዒሳ አዩኝ፤ ጉልበታቸውን ይዘው ወረዱ፤ እኔም አብሬያቸው ታክሲው ውስጥ ገባሁ። በሁለተኛው ሐሙስ «ዛሬ መካ መኪና ማቆሚያ የለም አሉ» አልኩ። በሦስተኛው ሰበብ ፍለጋም አልደከምኩ፣ ዝም ብዬ ታክሲ ጠራሁ። ቶማስ መኪናው ውስጥ ሲጠብቀን ይውላል።

ማታ ማዳም «መካ እንዴት ነበር? መንገዱ አላስፈራሽም?» ስትለኝ «አልሐምዱሊላህ» እላለሁ። ኡሙ ዒሳ ቴምራቸውን ያላምጣሉ። ሸረፊያ ሰፈር ሱቅ የምትሠራው ጓደኛዬ ሰሚራ በስልክ ስትሰማ አልራራችልኝም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል! ቶማስ ሲሄድ ምን ልትሆኚ ነው?» አለችኝ። ተናድጄ ዘጋሁባት። የተናደድኩት እውነቷን ስለሆነ ነው።

አራተኛው ሐሙስ መጣ። ቶማስ ቅዳሜ ሊበር ነው። ጠዋት ማዳም «እሁድ መኖሪያ ፈቃድሽ፣ ኢቃማሽ ላይ ያለውን ሥራ ወደ ሹፌርነት አስቀይራለሁ፤ እናቴ በደንብ እንደምትነጂ መስክራልሻለች» አለችኝ። መስክራልሻለች!

ማደያው ስንደርስ ቶማስ ወረደ። እኔም መስኮቱን አውርጄ እጄን አወጣሁ። ታክሲው መጥቶ ቆመ። ወርጄ የኋላውን በር ከፈትኩ።

ኡሙ ዒሳ ግን አልተነቃነቁም።

«አልወርድም» አሉ።

«እማማ፣ ዐስር ይደርስብናል...»

«ይድረስ። ሪም ስትጠይቀኝ 'በደንብ ትነዳለች' ብያታለሁ። ለአንቺ ብዬ ዋሸሁ፣ በዚህ ዕድሜዬ! አሁን ሐረም ገብቼ አላህ ፊት ምን ልበል? ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ወይ ውሸቴን እውነት አድርጊልኝ፣ ወይ ወደ ቤት መልሺኝና ለሪም እኔው ራሴ ልንገራት።»

ደሜ ፈላ። በእሳቸውም፣ በቶማስም፣ «ያላ፣ ትሄዳላችሁ አትሄዱም?» እያለ ጥሩንባ በሚነፋው ባለታክሲም፣ ከሁሉ በላይ በራሴ ተናደድኩ። ቶማስ ፀሐይ ላይ ቆሞ ኮፍያውን እያዟዟረ ያየኛል። «አንተስ ምን ታፈጣለህ?» አልኩት።

«ከጂዳ እዚህ ድረስ ማን ነዳው?» አለኝ። «እኔ እኮ ሦስት ሳምንት ሙሉ ፍሬን ረግጬልሽ አላውቅም፣ በአፌ ብቻ ነው የነዳሁት። የቀረው አስፋልት ያው አስፋልት ነው።»

ባለታክሲውን በእጄ ሸኘሁት። ተሰድቤያለሁ መሰለኝ፣ አልሰማሁትም። ገባሁ፣ ቀበቶዬን አሰርኩ፣ «ቢስሚላህ» አልኩ። ላቤ በአባያዬ ውስጥ ይወርዳል። የጭነት መኪናው አለፈ፣ አውቶቡሱ አለፈ። «አሁን ግቢ» የሚለኝ ሰው የለም። ስፖኪዮውን አየሁና ዋናው መንገድ ውስጥ ገባሁ።

ኬላው ላይ አንድ ወጣት ወታደር እጁን ዘረጋ። ኢቃማዬን ሰጠሁት። አነበበው፣ ጎንበስ ብሎ እኔን አየ፣ ኋላ ያሉትን ኡሙ ዒሳን አየ፣ መልሶ ኢቃማውን አየ።

«እዚህ ላይ የቤት ሠራተኛ ይላል። የቤቱ ሹፌር የታለ?»

ከሦስት ሐሙስ በፊት ቢሆን ሰበብ አላጣም ነበር። ታሟል፣ ይመጣል፣ ሄዷል። አፌ ላይም መጥቶ ነበር። መንጃ ፈቃዴን አውጥቼ ሰጠሁት።

«እኔ ነኝ» አልኩት። ድምፄ ከልክ በላይ ጮኸ፣ ራሴም ደነገጥኩ።

«ሰምተሃታል፣ ያ ወለዲ፣ ልጄ» አሉ ኡሙ ዒሳ ከኋላ። «ሰላቴን እንዳታሳልፈኝ።»

ወታደሩ ፈገግ ብሎ በእጁ ሸኘን።

መካ ስገባ ምን አየሽ ብትሉኝ ከፊቴ ያለውን መኪና የኋላ መብራት ነው። የመኪና መንገዱ ዋሻ ውስጥ እስትንፋሴን ያዝኩ፣ ስወጣ ለቀቅሁት። ሁለት ጊዜ መንገድ ሳትኩ፤ አንድ ጎልማሳ ሰውዬ ደግሞ በሶርያ ይሁን በግብፅ አረብኛ አቅሉን ስቶ ጮኸብኝ። መኪናውን ሳቆመው የሁለት ሰው ቦታ ይዣለሁ። ኡሙ ዒሳ ወርደው መኪናው ተጋድሞ መቆሙን አይተው ሳቁ። «ለሪም ስለ ማቆሙ ምንም አልመሰከርኩም» አሉኝ። ሐረም ገብተን የምለምነውን ሁሉ በልቤ ደርድሬ ነበር፤ ግንባሬ መሬት ሲነካ ግን አንዱም አልመጣልኝ፣ አለቀስኩ ብቻ። ደስ ብሎኝ ነው ያለቀስኩት።

ስንመለስ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ቶማስ ማደያው ጥላ ውስጥ ባዶ የሻይ ብርጭቆ ይዞ ቆሟል። ሲያየን እየሮጠ መጣ። እንደ ልማዱ በቀጥታ በሹፌሩ በር ሄዶ ከፈተው። አሥር ዓመት የለመደ እጅ ነው፣ አልፈርድበትም።

እኔ ግን ከወንበሬ አልተነሣሁም። ቀበቶዬን እንኳ አልፈታሁም።

ከዚያ ቶማስ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው፣ በመኪናው ፊት ዞረና በዚያኛው በር ገባ።

«ቀበቶህን እሰር» አልኩት።